ለስብራት የተገጠመ ፕሌት ከሥሩ ያለውን አጥንት ምን ያደርገዋል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የምንመልሰው አጥንት ሲሰበር በቀዶ ጥገና ከአጥንቱ ጎን ተለጥፎ በብሎን ስለሚታሰረው ጠፍጣፋ ብረት፣ ማለትም ስለ ፕሌት ነው። መቅኔው ውስጥ የሚገባው ረጅም ዘንግ አጥንትን የሚነካበት መንገድ ሌላ ስለሆነ አላነሣነውም። ምሳሌዎቻችን በብዛት ከክርን እስከ እጅ አንጓ ካሉት ከሁለቱ አጥንቶች፣ ከራዲየስና ከአልና፣ የተወሰዱ ናቸው። አዋቂ ሰው እነዚህን ሲሰበር ሕክምናው በአብዛኛው ፕሌት ነው፤ ብረቱ ከወጣ በኋላ ዳግም ስብራት በጣም የሚያሳስበውም እዚሁ ላይ ነው።

ብረቱ አጥንቱን ይበላዋል የሚባለው እውነት ነው?

ብረት አጥንት አይበላም። አባባሉ ግን ከምንም የተነሣ አይደለም፤ ፕሌት ለረጅም ጊዜ የቆየበት አጥንት ከጤነኛው ጎን ሳስቶ ሊገኝ ይችላል። የሚያሳሳው አጥንቱ ራሱ ነው።

አጥንት እንደ ድንጋይ ባለበት የሚቆም ነገር አይደለም። ኦስቲዮክላስት የሚባሉ ሴሎች አሮጌውን አጥንት ያፈርሳሉ፤ ኦስቲዮብላስት የሚባሉት በቦታው አዲስ ይገነባሉ። ይህ ሥራ ዕድሜ ልክ አያቋርጥም። ሸክም ባለበት ግንባታው ይበረታል፣ ሸክም በሌለበት ፍርሻው ያይላል። ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ ይህን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1892 አሳትሞታል። ሁለት ወር ጀሶ ውስጥ የቆየ እግር ሲፈታ ከጡንቻው ጋር አጥንቱም ሳስቶ የሚገኘው ለዚሁ ነው።

ፕሌት ከሥሩ ያለውን አጥንት በሁለት መንገድ ይነካዋል። ሸክሙን ይወስድለታል፤ ደም የሚያመጡለትን ቀጫጭን ሥሮች ይጫንበታል። ሁለቱ የሚሠሩበት ጊዜ ስለሚለያይ ለየብቻ እንያቸው።

ብረቱ ከአጥንቱ ላይ ምን ያህል ሸክም ይወስዳል?

መነሻው የግትርነት ልዩነት ነው። ጠንካራው የአጥንት ቅርፊት ግትርነቱ ከ17 እስከ 20 ጊጋፓስካል (የግትርነት መለኪያ) ነው። ለቀዶ ጥገና የሚውለው 316ኤል የተባለው የማይዝግ ብረት (ስቲል) 190 ገደማ፣ የታይታኒየም ቅይጥ ደግሞ 110 ገደማ ነው። ስቲሉ ከአጥንት ወደ አሥር እጥፍ፣ ታይታኒየሙ ወደ ስድስት እጥፍ ይገትራል ማለት ነው።

በክንድ ላይ የሚገጠም ፕሌት ስፋቱ 10፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በመስቀለኛ ሲቆረጥ 30 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ በስቲል ሲሆን በግፊት በኩል ከ300 ካሬ ሚሊ ሜትር አጥንት ጋር ይስተካከላል። የራዲየስ ቅርፊት በሙሉ ግን ከዚህ በጣም ያንሳል። ስለዚህ ፕሌቱ ከአጥንቱ ጋር ፍጹም ተጣብቆ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ሸክም እሱ ይወስደው ነበር። በተግባር የሚያስረው ብሎን ነው፤ የሚቀመጠውም በአንድ ጎን ነው። በመሆኑም ሸክሙ ሙሉ በሙሉ አይወሰድም፣ ግን በጉልህ ይቀንሳል፤ በተለይ በፕሌቱ ልክ ከሥሩ ባለው ቅርፊት ላይ።

ለመታጠፍ ያለው ግትርነት በውፍረቱ ሦስተኛ ኃይል ነው የሚያድገው። ውፍረቱ እጥፍ የሆነ ፕሌት ስምንት እጥፍ ይገትራል። “ወፍራሙን ይግጠሙልኝ” ማለት ለአጥንቱ ውለታ የማይሆነው ለዚህ ነው።

የደሙስ ነገር?

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ዋናው ጉዳይ ይህ ነው።

የረጅም አጥንት ቅርፊት ደም የሚያገኘው ከሁለት ወገን ነው። የውስጡ ሁለት ሦስተኛ በመቅኔው በኩል ከሚገባው ዋና ደም ሥር ይመገባል፤ የውጭው አንድ ሦስተኛ አጥንቱን ከሸፈነው ስስ ልባስ። ስብራቱ ራሱ የመቅኔውን ደም ሥር ይበጥሰዋል። ያኔ የውጭው ልባስ የተረፈ ሀብት ነው። ቀዶ ጥገናው ልባሱን አለአግባብ ከገፈፈው፣ ፕሌቱም በላዩ ተጭኖ ከቆየ፣ ከብረቱ ሥር ያለው የቅርፊት ክፍል ደም አጥቶ ይሞታል። ጫናው ቀላል አይደለም፤ አንድ 4.5 ሚሊ ሜትር ብሎን በጥሩ አጥንት ላይ ሲጠብቅ ፕሌቱን ከ2000 ኒውተን በላይ፣ ማለትም ከ200 ኪሎ በላይ በሆነ ጉልበት ወደ አጥንቱ ይስበዋል።

የሞተ አጥንት ወዲያው አይወድቅም፤ እንደቆመ ሸክም መሸከሙን ይቀጥላል። ቀስ በቀስ ግን በዙሪያው ካለው ሕያው አጥንት ኦስቲዮክላስቶች ዋሻ እየቆፈሩ ይገቡበታል፣ ከኋላቸው ኦስቲዮብላስቶች እየሞሉ ይከተላሉ። መቆፈሩ ሳምንታት፣ መሙላቱ ወራት ይፈጃል። ቆፋሪው ቀድሞ የሚሞላው ገና ባልደረሰበት በዚያ መሐል አጥንቱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቶ ይገኛል።

ታዲያ አጥንቱን የሚያሳሳው የሸክሙ መቀነስ ነው ወይስ የደም ሥሮቹ መጫን?

በአጥንት ሕክምና ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ያከራከረ ጥያቄ ነው። በካናዳ ሃንስ ኡትሆፍ እ.ኤ.አ. በ1971 በውሾች ላይ ባሳተመው ጥናት፣ በግትር ፕሌት ሥር የአጥንቱ አሠራር እንደሚለወጥና ቅርፊቱ እንደሚሳሳ አሳይቶ ነበር። ብዙዎች ከዚያ በኋላ ምክንያቱን በሙሉ በሸክም ላይ ጣሉት። መፍትሔ የመሰላቸውም ለስለስ ያለ ፕሌት መሥራት ነበር።

በስዊዘርላንድ ስቴፋን ፔረንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ሥራ ግን የመጀመሪያዎቹ ወራት መሳሳት ቅርጹ የሚከተለው ደም ያጣውን ቦታ እንጂ ሸክም የቀነሰበትን ቦታ እንዳልሆነ አሳዩ። ለስላሳ ሆኖ ከአጥንቱ ጋር ይበልጥ የሚጣበቅ ፕሌት፣ ግትር ከሆነው የባሰ መሳሳት ሊያስከትል እንደሚችልም ተመለከተ። ሸክም ብቻ ምክንያት ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ተቃራኒ መሆን ነበረበት።

የእኛ ግንዛቤ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ጊዜያቸው ግን ይለያያል የሚል ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት መሳሳት በዋናነት የደም ጉዳይ ነው፤ አብዛኛውም ጊዜያዊ ነው። ስብራቱ ከገጠመ በኋላ ለዓመታት የሚቆየው የቅርፊት መቅጠን ደግሞ የሸክም ጉዳይ ነው። ይህን መለየት ጥቅም አለው፤ ፕሌት መቼ ይውጣ የሚለው መልስ ከዚሁ ይነሣል።

በዚህ ምክንያት በፕሌቶቹ አሠራር ላይ ምን ተለወጠ?

እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ዲሲፒ የተባለው ፕሌት ብሎኑ ሲጠብቅ የስብራቱን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ የሚያጣብቅ ሞላላ ቀዳዳ ነበረው፤ ሆዱ ግን ለጥ ያለ ስለነበር መላው ልባስ ላይ ያርፍ ነበር። በ1990 አካባቢ የመጣው ኤልሲ-ዲሲፒ ሆዱ ተቦርቡሮ ከአጥንቱ ጋር የሚነካካው ስፋት በግማሽ ያህል ተቀነሰ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተስፋፋው ኤልሲፒ የብሎኑ ራስ ጥርስ አውጥቶ ፕሌቱ ውስጥ የሚቆለፍበት ነው። ሲቆለፍ ፕሌቱ አጥንቱን መጫን አያስፈልገውም፤ ትንሽ ከፍ ብሎ ሊቆም ይችላል። ከፍታው ግን ከ2 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ 5 ሚሊ ሜትር ከራቀ የእስሩ ጥንካሬ በጣም ይቀንሳል።

ከፕሌቱ ዓይነት ይልቅ የቀዶ ጥገና ሐኪሙ እጅ ይበልጥ ይወስናል ብለን እናምናለን። ልባሱን ስብራቱ ጠርዝ ላይ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ገፍቶ ፕሌቱን በልባሱ ላይ ያሳረፈ ሐኪም፣ በድሮ ፕሌትም ቢሆን ለአጥንቱ ደግ ሆኖለታል።

እስሩ በጠነከረ ቁጥር አጥንቱ ቶሎ ይገጥማል?

እንደ ስብራቱ ዓይነት ነው። በስብራቱ ክፍተት ውስጥ ያለው ኅብረ ሕዋስ ስንት እንደተለጠጠ ማስላት ይቻላል፤ እንቅስቃሴው ለክፍተቱ ስፋት ሲካፈል ማለት ነው። ጠንካራ አጥንት የሚችለው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከ2 እስከ 10 በመቶ ባለው ውስጥ በስብራቱ ዙሪያ እንደ እብጠት የሚታየው አዲስ አጥንት ይበቅላል። ከዚያ በላይ ሲሆን አጥንት መሆን አይችልም፤ ጅማት መሰል ነገር ሆኖ ይቀራል።

ክፍተቱ 1 ሚሊ ሜትር ሆኖ እንቅስቃሴው 0.02 ሚሊ ሜትር ቢሆን 2 በመቶ ነው፤ ደህና ነው። ክፍተቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ሆኖ እንቅስቃሴውም 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን 100 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ቀላል፣ ባለ ሁለት ክፍል ስብራት በጠባብ ክፍተት ላላ ተብሎ ከታሰረ ክፉኛ ይጎዳል፤ ጥብቅ ተደርጎ መታሰር አለበት። ብዙ ቦታ የተፈረካከሰ ስብራት ደግሞ እንቅስቃሴውን ብዙ ክፍተቶች ስለሚከፋፈሉት ትንሽ መወዛወዝ ይጠቅመዋል። በዚህ ዓይነቱ ስብራት ላይ በቆላፊ ብሎን ሁሉንም ቀዳዳ መሙላት ስሕተት ነው። በተለይ ከጉልበት በላይ ባለው የጭን አጥንት ጫፍ ላይ ግትር ቆላፊ ፕሌት ሲገጠም፣ አዲሱ አጥንት በተቃራኒው ጎን በቅሎ በፕሌቱ ሥር ባለው ጎን ሳይበቅል ሲቀር ይታያል። ከብረቱ ሥር እንቅስቃሴው ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ አጥንቱ እንዲበቅል የሚያነቃቃው ነገር የለም።

የተለመደው መመሪያ ይህ ነው። ለተፈረካከሰ ስብራት የፕሌቱ ርዝመት የስብራቱን ከ2 እስከ 3 እጥፍ፣ ለቀላል ስብራት ከ8 እስከ 10 እጥፍ ይሁን፤ ብሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎችም ከግማሽ አይብለጡ። በክንድ አጥንት ላይ ከስብራቱ በእያንዳንዱ ወገን ሁለቱንም ቅርፊት የሚይዙ ቢያንስ 3 ብሎኖች ይጠበቃሉ።

የብሎን ቀዳዳዎቹ አጥንቱን አያዳክሙትም?

ያዳክሙታል። ጠመዝማዥ ጉልበት ሲመጣ ጫናው በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ይሰበሰባል። ቀዳዳው የአጥንቱን ዲያሜትር 30 በመቶ ገደማ ሲደርስ ድክመቱ አሳሳቢ ይሆናል። 13 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የራዲየስ አጥንት ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር ብሎን 27 በመቶ፣ 4.5 ሚሊ ሜትር ብሎን ደግሞ 35 በመቶ ይወስዳል። በክንድ ላይ ባለ 4.5 ብሎን ትልቅ ፕሌት መግጠም የተተወው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብረቱ ከወጣ በኋላ ብዙ ዳግም ስብራት አስከትሏል።

ብሎኑ ውስጡ እስካለ ድረስ ፕሌቱ ስለሚያግዘው ችግሩ ተሸፍኖ ይቆያል። ወደ ፊት የሚገለጠው ብረቱ በወጣ ማግስት ነው።

የመብሻው ሙቀትም አለ። 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ1 ደቂቃ የቆየበት አጥንት ይጎዳል። የደነዘዘ መብሻ በጠንካራ የቅልጥም አጥንት ላይ በኃይል ሲጫን ከዚህ በላይ በቀላሉ ይሄዳል፤ በቀዳዳው ዙሪያ የቀለበት ቅርጽ ያለው የሞተ አጥንት ይተዋል፣ ብሎኑም ይላላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ስል መብሻ፣ በሚበሱበት ጊዜ ሁሉ የቀዘቀዘ የጨው ውኃ ማፍሰስ፣ ፍርፋሪውን ለማጽዳት መብሻውን ማውጣት። ለ3.5 ሚሊ ሜትር ብሎን 2.5፣ ለ4.5 ደግሞ 3.2 ሚሊ ሜትር መብሻ ነው። አንድ መብሻ ስንት ቀዶ ጥገና እንደሠራ የማይመዘገብበት ክፍል ውስጥ የደነዘዘው ሳይታወቅ ይቀጥላል፤ የክፍሉ ነርሶች ይህን ቢቆጣጠሩ ብዙ ብሎን ከመላላት ይድናል።

ብረቱ ራሱ ለምን ይሰበራል?

ሽቦን ወዲያና ወዲህ ደጋግመው ሲያጥፉት እንደሚበጠሰው ነው። በአንድ ጊዜ ኃይል የማይሰበር ፕሌት በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ትንንሽ መታጠፍ ይደክማል። አጥንቱ ከገጠመ ሸክሙን ስለሚረከበው ብረቱ ያርፋል፤ ካልገጠመ ብረቱ ቀኑ ሲደርስ ይሰበራል። ስለዚህ የተሰበረ ፕሌት በአብዛኛው የሚነግረን ብረቱ ጥራት ስለማጣቱ ሳይሆን አጥንቱ አለመግጠሙን ነው። ሰበቡን ከፋብሪካው በፊት እዚያ መፈለግ ይገባል፦ በፕሌቱ ፊት ለፊት ያለው ቅርፊት ክፍት ቀርቶ እንደሆነ፣ ኢንፌክሽን ገብቶ እንደሆነ፣ ሰውየው ያጨስ እንደሆነ፣ ወይም ከተፈቀደለት ጊዜ በፊት እግሩን ሙሉ በሙሉ ረግጦበት እንደሆነ።

የሚሰበረው ብዙ ጊዜ በስብራቱ ልክ ባዶ የቀረው ቀዳዳ ላይ ነው።

ስብራቱ ድኖ ሳለ በፕሌቱ ጫፍ በኩል እንደገና መሰበር ለምን ይመጣል?

በጣም ግትር የሆነው ክፍል ድንገት አልቆ ለስላሳው አጥንት የሚጀምርበት ቦታ ስለሆነ ነው። በላዩ የመጨረሻው ብሎን ቀዳዳ አለ። አጥንታቸው የሳሳ አረጋውያን ሲወድቁ በዚያ በኩል ይሰበራል። ረጅም ፕሌት መምረጥ፣ የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ከመጠን በላይ ግትር አለማድረግ፣ ሁለት ብረቶች ባሉበት አጥንት ላይ በመካከላቸው አጭር ባዶ ቦታ አለመተው ይረዳል። ለአረጋውያን ግን ትልቁ መከላከያ መውደቅን መቀነስና ለሳሳው አጥንት ራሱ መድኃኒት መጀመር ነው፤ ይህ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ታይታኒየም ይሻላል ወይስ ስቲል?

ታይታኒየም ግትርነቱ ወደ አጥንት ይቀርባል፣ ኒኬል የለበትም፣ በኤምአርአይ ምስል ላይም የሚያጠላው ጥላ አነስተኛ ነው። ጉድለቱ ሲወጣ ነው የሚታየው፤ አጥንት በላዩ ስለሚጣበቅበትና ብሎኖቹ ስለሚነክሱ ማውጣቱ ይከብዳል። ስቲል ርካሽ ነው፣ ሐኪሙ በሚፈልገው ቅርጽ በደንብ ይታጠፋል፣ በቀላሉ ይወጣል። በውስጡ ከ13 እስከ 15 በመቶ ኒኬል አለበት። በጌጣጌጥ ወይም በቀበቶ ማያያዣ ቆዳዎ የሚያሳክክና የሚቀላ ከሆነ ከቀዶ ጥገናው በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ።

ሁለቱም ሰውነት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ዝም አይሉም። የብሎኑ ራስና ፕሌቱ በሚፋተጉበት ቦታ ረቂቅ ብናኝ ይወጣል፤ ብረቱ ሲወጣ በዙሪያው ያለው ሥጋ ግራጫ ወይም ጥቁር ሆኖ የሚታየው ከዚያ ነው። የማይነቃነቅ እስር ብዙ ብናኝ አያወጣም፤ የላላ ብሎን ግን ያወጣል። በሁለቱ ብረቶች ቅልቅል መግጠም፣ ለምሳሌ የስቲል ብሎን በታይታኒየም ፕሌት፣ መወገድ ያለበት ልማድ ነው።

ብረቱ መውጣት አለበት? መቼ?

አዋቂ ሆነው ካላስቸገረዎ አለመውጣቱ ይበልጣል። በተለይ በክንድና በላይኛው ክንድ ላይ፣ ነርቮች በጠባሳው ውስጥ ስለሚያልፉ ማውጣቱ ከማስገባቱ የከበደ ሊሆን ይችላል። “ብረት ይዤ መሞት አልፈልግም” የሚለውን ስሜት እንረዳለን፤ ግን ብቻውን ለቀዶ ጥገና በቂ ምክንያት አይደለም። በቂ የሚሆኑት ኢንፌክሽን፣ ስስ ቆዳ ሥር ጎልቶ የሚቆረቁር ብረት፣ ጅማት የሚፈትግ የብሎን ጫፍ፣ የላላ ወይም የተሰበረ ብረት፣ የተረጋገጠ አለርጂና በማደግ ላይ ያለ ልጅ ናቸው።

የተለመዱት የጊዜ ገደቦች ስብራቱ ያለ ችግር ከገጠመ እንዲህ ናቸው፦ የእጅ መዳፍ አጥንት ከ4 እስከ 6 ወር፣ ቁርጭምጭሚት ከ8 እስከ 12 ወር፣ የቅልጥም አጥንት ከ12 እስከ 18 ወር፣ ራዲየስና አልና 24 ወር፣ የጭን አጥንት ከ24 እስከ 36 ወር።

“ራጁ ገጥሟል እያለ ለምን ሁለት ዓመት እጠብቃለሁ?” ይባላል። ራጅ የሚያሳየው ካልሲየሙን ነው፤ ከብረቱ ሥር ያለውን ደግሞ ብረቱ ራሱ ይጋርደዋል። ጥብቅ በታሰረ ስብራት ዙሪያ አዲስ የአጥንት እብጠት ስለማይታይ መግጠሙን ከመስመሩ መጥፋት ብቻ መገመት ይኖርብናል። ደም አጥቶ የነበረው ቅርፊት ተቆፍሮ የሚሞላውም ቀስ ብሎ ነው። ክንድ ላይ ከ12 ወር በፊት ማውጣት ዳግም ስብራት ከሚያስከትሉ ዋና ነገሮች አንዱ ነው። በሌላ በኩል 10 ዓመት ቢያቆዩትም ቅርፊቱ ይበልጥ ይቀጥናል፣ ብረቱም በአጥንት ይሸፈናል። ማውጣት የሚገባው ከሆነ በዚህ መካከል ያለውን ጊዜ መምረጥ ነው።

ሲወጣ ምን ሊበላሽ ይችላል?

የሚያታክተው የብሎኑ ራስ መሟሸሽ ነው። ተራው 3.5 ብሎን 2.5 ሚሊ ሜትር ባለ ስድስት ጎን መፍቻ፣ 4.5 ደግሞ 3.5 ሚሊ ሜትር መፍቻ ይፈልጋል። ቆላፊዎቹ ብዙ ጊዜ ባለ ኮከብ ራስ ናቸው። በብሎኑ ራስ ውስጥ የበቀለው አጥንትና ሥጋ በሹል መሣሪያ ሳይጸዳ መፍቻው ከገባ ግማሹን ብቻ ይይዝና ያሟሽሸዋል። ቆላፊ ብሎን ሲገጠም በመጠን ማጥበቂያ፣ ለ3.5 ሚሊ ሜትር 1.5 ኒውተን ሜትር፣ ለ5.0 ሚሊ ሜትር 4 ኒውተን ሜትር፣ ካልጠበቀ፣ በኋላ ከፕሌቱ ጋር ተነክሶ ይቀራል። ቆላፊ ብሎኖችን አንድ በአንድ ጨርሶ ከማውጣት በፊት ሁሉንም ማላላት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የመጨረሻው ሲዞር ፕሌቱ አብሮ ይዞርና ሥጋውን ይጎዳል።

ስለዚህ ለታካሚው አንድ ምክር አለን። የቀዶ ጥገናውን ማስታወሻ ይያዙ። በሳዑዲ ወይም በአሜሪካ የተገጠመልዎን ብረት አዲስ አበባ ላይ ሊያስወጡ ከሆነ፣ ሐኪሙ የፕሌቱን ስምና የብሎኑን ዓይነት ካላወቀ ትክክለኛውን መፍቻ አስቀድሞ ማዘጋጀት አይችልም። ማስታወሻው ከሌለ ከሁለት አቅጣጫ የተነሣ ራጅ ቀድመው ያሳዩ።

ከወጣ በኋላ መቼ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ?

በጣም አደገኛው ጊዜ ይህ ነው፤ ሰው ግን “ተገላገልኩ” ብሎ የሚዘናጋው አሁን ነው። አጥንቱ ሸክሙን ለብቻው ሊሸከም ነው፣ ቅርፊቱ ስስ ነው፣ ባዶ ቀዳዳዎች በተርታ አሉበት። ቀዳዳዎቹ ጫና የመሰብሰብ ባሕርያቸው የሚጠፋው አዲስ አጥንት ሲሞላቸው፣ በወራት ነው፤ በራጅ ላይ ግን ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሊታዩ ይችላሉ።

ክንድ ከሆነ ጣትንና አንጓን ከመጀመሪያው ቀን ማንቀሳቀስ፣ መብላት፣ መጻፍ ይቻላል። ለ6 ሳምንት ጀሪካን፣ ከረጢት፣ ልጅ አይሸከሙ፤ የጠበቀ ነገር አይጠምዝዙ፣ ልብስ አይጭመቁ፣ ሊጥ በኃይል አያቡኩ። ለ3 እስከ 4 ወር ኳስ፣ ትግል፣ ሞተር ብስክሌትና ከፍታ ላይ የሚሠራ ሥራ ይቅር። እግር ከሆነ መራመድ ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል፤ መሮጥ፣ መዝለልና በአንድ እግር ላይ መዞር ግን ይቆያል። አጥንቱ እንዲጠነክር ቀስ በቀስ የሚጨምር ሸክም ያስፈልገዋል። ለሦስት ወር በነጠላ አንጠልጥሎ ማቆየትም ጉዳት ነው።

ወጌሻ ቢያሸኝስ?

ብረት የገባበትን ወይም በቅርቡ የወጣበትን አጥንት አያሳሹ። የተነቃነቀ ብሎንን በእጅ መመለስ አይቻልም። ስስ አጥንት በጠመዝማዥ ጉልበት ነው የሚሰበረው፣ ማሸት ደግሞ ያንኑ ጉልበት ይሰጠዋል። ክርን አካባቢ ከሆነ በግድ ማሸት በጡንቻው ውስጥ አጥንት እንዲበቅልና መገጣጠሚያው እንዲደርቅ ያደርጋል። መገጣጠሚያው ከከረረ ፊዚዮቴራፒስት በራስዎ ጉልበት እንዲያንቀሳቅሱት ያሠለጥንዎታል።

ለልጅ የተለየ ነገር አለ?

አለ። የልጅ አጥንት ወደ ጎን ሲወፍር ፕሌቱን እየዋጠው ይሄዳል፤ ዓመታት ከቆየ ለማውጣት አጥንት መፈልፈል ይጠይቃል። ስለዚህ ሊወጣ የተወሰነ ከሆነ ከገጠመ በኋላ ብዙ አይቆይም። ብሎን በእድገት መስመር፣ ማለትም አጥንቱ በሚረዝምበት ቦታ፣ ውስጥ እንዳያልፍ ጥንቃቄ ይደረጋል፤ ካለፈ አጥንቱ ያጥራል ወይም ይጣመማል።

ብርድ ሲሆን የሚያመኝ ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው ይህን ይናገራል፤ በተለይ ቆዳ ስስ በሆነበት በቅልጥምና በቁርጭምጭሚት ላይ። ብረቱ ከቆዳው ቅርብ ሲሆን ጅማትና ጠባሳ በላዩ ይፋተጋሉ። ሙቅ አድርጎ መሸፈን ያስታግሰዋል። በብርድ ጊዜ ብቻ መጥቶ የሚሄድ ሕመም የብሎን መላላት ምልክት አይደለም።

ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚገባው ሕመሙ ሲረግጡ ወይም ሲያነሡ እየጨመረ ሲመጣ፣ ሌሊት ሲቀሰቅስ፣ ቁስሉ ሲቀላ ወይም ፈሳሽ ሲያወጣ፣ ከወራት ደኅንነት በኋላ ትኩሳት ሲኖር ነው። በብሎኑ ዙሪያ በራጅ ላይ ጥቁር ቀለበት ከታየ ብሎኑ ላልቷል፤ ምክንያቱ ኢንፌክሽን አለመሆኑ በደም ምርመራ መጣራት አለበት። ብረት ላይ የተጣበቀ ባክቴሪያ ራሱን በስስ ሽፋን ስለሚከልል ክኒን ብቻ አያጠፋውም።

ኤምአርአይ መነሣትና በአውሮፕላን ጣቢያ ማለፍ እችላለሁ?

የዛሬዎቹ ስቲልና ታይታኒየም ፕሌቶች ማግኔት የማይስባቸው ስለሆኑ ኤምአርአይ በአብዛኛው ይቻላል፤ ብረት እንዳለብዎ ግን ከመግባትዎ በፊት ይንገሩ። በብረቱ አካባቢ ያለው ምስል ይደበዝዛል። በአውሮፕላን ጣቢያ መፈተሻው ሊጮህ ይችላል፤ ጠባሳውን ማሳየትና ብረት እንዳለብዎ መንገር ብዙ ጊዜ ይበቃል።